ወጊው በሬና ባለቤቱ

በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ወጊ በሬ የተሠራ ሕግ አለ። ጠባዩ ያልታወቀ በሬ ድንገት ሰው ቢገድል ሞት የሚፈረደው በእንስሳው ብቻ ነው፤ ጌታው ከደሙ ዕዳ ነጻ ይወጣል። ነገር ግን በሬው ቀድሞም መዋጋት ልማዱ ሆኖ፣ ጎረቤቶችም ይህንኑ ለጌታው ነግረውት፣ እርሱ ሳያስረው ቀርቶ ሰው የሞተ እንደ ሆነ፣ ዕዳው ወደ ጌታው ይሻገራል። ይህን ሕግ አጥብቆ የሚመረምር ሰው የፍርዱ ጕልበት ያለው በቀንዱ ስለት ላይ ሳይሆን ለጌታው በተነገረው ነገር ላይ መሆኑን ያስተውላል። ያልሰማ ሌላ ነው፤ ሰምቶ ያላሰረ ሌላ ነው። ሕጉ የተሠራው ከብት ለሚያረባ ሕዝብ ነበር፤ ዳሩ ግን ዛሬ ስለ ፌስቡክና ስለ ቲክቶክ፣ ስለ ቴሌግራምና ስለ ዩቲዩብ ሕግ የሚሠሩት እንደራሴዎቻችን ይህችን አንዲት ምዕራፍ አስቀድመው መርምረዋት ቢሆን ኖሮ ሥራቸው ባማረ ነበር ብዬ ለመናገር እደፍራለሁ።

የምናገረው ስለ አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቈጣጠር የወጣው ይህ አዋጅ የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ የተቃወሙት እንደራሴዎች 23 ብቻ ነበሩ፤ መጋቢት 14 ቀንም በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። በጥላቻ ንግግር ጥፋተኛ የሆነ ሰው እስከ 2 ዓመት ይታሰራል ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል፤ ከንግግሩ የተነሣ በሰው ላይ ጥቃት ቢደርስ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ ወሬ የነዛ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር፤ ወሬው ሁከት ያስነሣ እንደ ሆነ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። ተናጋሪው በማኅበራዊ መገናኛ ከ5,000 የሚበልጡ ተከታዮች ያሉት ከሆነ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር። የወሬውን አደባባይ በእጃቸው ለያዙት ኩባንያዎች ግን የተጻፈላቸው ሌላ ነው፤ ይኸውም የጥላቻና የሐሰት ስርጭትን ለመግታት እንዲጥሩ፣ ጥፋቱ በተነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ፣ ይህንም የሚፈጽሙበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ነው። ባያነሡስ? ቅጣት በተዘረዘረበት አንቀጽ ለተናጋሪው ዓመቱም ብሩም ተቈጥሮ ተቀምጧል፤ ለባለቤቱ የተቈጠረ ነገር የለም። በሬውን በድንጋይ የነካካው ልጅ ወኅኒ ይወርዳል፤ የበሬው ጌታ ግን በደብዳቤ ይለመናል።

ክቡራን አንባብያን በዚህ አይሳሳቱብኝ። በቃል የሚሠራ ጥፋት አይቀጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በብዙ ስፍራ ከጥይቱ አስቀድሞ ቃል እንደ ተተኰሰ፣ ቤት ከመቃጠሉ አስቀድሞ የባለቤቱ ስም በአደባባይ እንደ ተጠራ ሁላችንም አይተናል። ደግሞም ካህናትን ሁልጊዜ የአዲስ ነገር ጠላት አድርጎ የሚያይ ሰው አይጠፋም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት ነበሩ እየተባለ ይነገራል፤ ነገሩ እውነት ይሁን የቤተ መንግሥት ጨዋታ፣ እስከ ዛሬ ይሳቅብናል። እኔ ስልክ ይዣለሁ፤ በሩቅ አገር ያሉ ደቀ መዛሙርት በቴሌግራም የላኩትን ቅኔ ሰምቼ ደስ የተሰኘሁበት ጊዜም ብዙ ነው። ክርክሬ ከመሣሪያው ጋራ አይደለም። ክርክሬ ሕግ አውጪው መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ሕግ ስለ ሠራበት ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆነኝ ያ 5,000 የሚለው ቍጥር ነው። ብዙ ሰሚ ያለው ብዙ ይጎዳል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል፤ አሳቡ ከጋዜጣና ከራዲዮ ዘመን የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ጋዜጣው ስንት እንደ ታተመ ያወቀ ሰው ስንት እንደሚያነቡት ለመገመት ይችል ነበር። አሁን ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከ300 ሰው በላይ የማይከተለው አንድ ጐረምሳ ማታ የጻፈውን ነገር መድረኩ ራሱ አንሥቶ፣ ሰዎችን እንደሚያነሣሣ በስሌቱ ገምቶ፣ ጐረምሳውን ለማያውቁት ለአእላፍ ሰዎች ፊት ሲያቀርበው ይገኛል። 20,000 ተከታይ ያለው ሌላው ደግሞ የጻፈውን ነገር መቶ ሰው ሳያየው ይቀራል፤ መድረኩ አልወደደለትምና። ይህም እንዳይበቃ ተከታይ በገንዘብ ይገዛል። በእኛም ዘንድ ስብከቱን ትቶ የተከታዮቹን ቍጥር በመድረክ የሚናገር ሰባኪ መታየቱን ዝም ብዬ አላልፍም፤ እርሱ እንኳ ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ አያውቅም። እንግዲህ አዋጁ ወንጀልን የሚያከብደው ተናጋሪው ባላዘዘበት ቍጥር ነው። ቃሉን ከ300 ወደ 300,000 ያደረሰውን እጅ ግን አንቀጹ ስሙን አይጠራም።

ያ እጅ የሰው ሥራ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ ነፋስ አይደለም። አልጎሪዝም የሚሉት ስሌት ነው፤ የትኛው ጽሑፍ በማን ዐይን ፊት አስቀድሞ እንዲታይ የሚወስን፣ የኩባንያው መሐንዲሶች የሚያጠብቁትና የሚያላሉት። ፌስቡክ በፈረንጅ ቍጥር ከ2017 ጀምሮ ሰዎች ለሚያዩት ጽሑፍ የሚሰጧቸው የፊት ምልክቶች፣ የተቈጣው ፊት ሳይቀር፣ ከተራው የወደድሁት ምልክት 5 እጥፍ እንዲመዝኑ አድርጎ ነበር። በ2018 ደግሞ አስተያየትና መቀባበል የሚበዛበትን ጽሑፍ ወደ ላይ የሚያወጣ ለውጥ አደረገ። ሰውን አስተያየት ከሚያጽፈው ነገር ሁሉ ቍጣ እንዲበልጥ ለማወቅ ፈላስፋ መሆን አያሻም። የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው ይህ አካሄድ ጠብንና ሐሰትን እንደሚያበዛ ጽፈው አስጠነቀቁ፤ የቍጣው ምልክት ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው ግን በ2020 ነው። ይህ ሁሉ በይፋ የታወቀው ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የቀድሞ ሠራተኛ የኩባንያውን የውስጥ ወረቀቶች ባወጣች ጊዜ ነው። ይህች ሴት በ2021 በኦክቶበር ወር በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስትመሰክር ከምያንማር ጋራ የኢትዮጵያን ስም አንሥታለች። እንግዲህ በሬው መዋጋት ልማዱ እንደ ሆነ ለጌታው ማን ነገረው ቢሉ፣ የገዛ ቤተ ሰቡ ነገረው።

የእኛም ሰዎች ነግረውታል። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር አንድ የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋራ ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ሲከስ እንዳመለከተው፣ ከግድያው በፊት የአባቱን ስምና ሥዕል የሥራ ቦታቸውንም የያዘ፣ በሐሰት የሚወነጅልና ሰው የሚያስነሣባቸው ጽሑፍ በፌስቡክ ወጥቶ ነበር፤ ልጁም ይነሣ ብሎ ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቶ ነበር፤ ሞት ግን ከመልሱ ቀደመ። ክሱ የቀረበው በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የአካባቢያችንን ጽሑፍ የሚመረምሩት የኩባንያው ተቀጣሪዎች ይሠሩ የነበረው በናይሮቢ ነበርና። ሜታ እኔ የኬንያ ኩባንያ አይደለሁም፤ ፍርድ ቤቱ በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ክርክሩን የመስማት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ልብ ይሏል፤ አባቱ በባሕር ዳር የሞተበት ኢትዮጵያዊ የበሬውን ጌታ ለመክሰስ የሄደው ወደ ናይሮቢ ዳኞች ነው። በአዲስ አበባ ችሎት ቢቆም ከአዋጅ 1185 የትኛውን አንቀጽ ይዞ ይቁም? ጽሑፉን የጻፈውን ሰው የሚያስርለት አንቀጽ ያገኛል። ተነግሮት ዝም ያለውን የሚጠይቅለት ቍጥር ግን አያገኝም።

ይህ 24 ሰዓት የሚለው ነገር ከዚህ ቀደም በሌላ አገር ሕግ ታይቷል። ጀርመን በፈረንጅ ቍጥር በ2017 ባወጣችው ሕግ ግልጽ የሆነ ሕገ ወጥ ጽሑፍ ባመለከቱት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ አዛ ነበር፤ ነገር ግን ትእዛዙን በስልት ለሚጥስ ኩባንያ እስከ 50 ሚሊዮን ኤውሮ የሚደርስ መቀጫ አብራ አኖረች። የእኛ ሰዎች ሰዓቱን ወሰዱ፤ መቀጫውን ግን እዚያው ተዉት። በእርግጥ ያን የጀርመን ሕግ ኩባንያዎቹ መቀጫ ፈርተው ንጹሑንም ጽሑፍ እንዲያነሡ ያደርጋል ብለው ብዙ ሊቃውንት ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም ከንቱ አልነበረም። ኋላ የመጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከዚህ ተምሮ ዐይኑን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ አደባባዩ አሠራር አዞረ። ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሙሉ የሚሠራው ይህ ሕግ በኅብረቱ አገሮች ከ45 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች ስሌታቸው በሕዝብ ላይ የሚያመጣውን አደጋ በየዓመቱ እንዲመረምሩ፣ ከውጭ በመጣ ኦዲተር እንዲፈተሹ፣ ተጠቃሚውም የግል ጠባዩ ያልተሰለለበትን አቀራረብ ለመምረጥ እንዲችል ያስገድዳል፤ እምቢ ላለ ከዓለም ገቢው እስከ 6 በመቶ። እንግሊዝም በ2023 ባወጣችው የኦንላይን ደኅንነት ሕግ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም እስከ 10 በመቶ የዓለም ገቢ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ደነገገች። አውስትራሊያ ደግሞ ዕድሜያቸው 16 ያልሞላ ልጆች የማኅበራዊ መገናኛ መዝገብ እንዳይኖራቸው የሚያደርግ ሕግ አውጥታ በ2025 ዲሴምበር 10 ቀን ሥራ ላይ አዋለች። ይህ የመጨረሻው ይበጅ አይበጅ እንደ ሆነ እጅግ እጠራጠራለሁ፤ ልጅ የተከለከለውን የሚያገኝበትን ቀዳዳ አያጣምና። ግን አንድ ነገር አስደነቀኝ። በዚያ ሕግ ልጁም ወላጁም አይቀጣም፤ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአገሩ ዶላር የሚቀጣው ልጁን ያስገባው ኩባንያ ነው። አንድ ሕግ ባለቤቱን ማየቱ በዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ቃል ትርጕም ልለፍ፤ ይህ የእኛ እርሻ ነውና ጥቂት እቈይበታለሁ። አዋጁ የጥላቻ ንግግርን ሲተረጕም በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ወይም በወገን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ነው ይላል። በወረቀት ላይ መልካም ትርጕም ነው። ዳሩ ግን በአገራችን የሚጠላ ሰው ጠላሁ ብሎ አይናገርም። ቋንቋችን በሰምና በወርቅ የተሠራ ነው፤ ማሞገስም መስደብም በዚሁ ይደረጋል። አንድ ገበሬ በሐምሌ ወር በጤፍ ማሳው ዳር ቆሞ፣ አረሙ በጊዜው ይነቀል፣ ቢል የሚመሰገን ምክር ነው። ይህችኑ ቃል አንድ ሰው በታኅሣሥ ወር፣ አረም በሌለበት ከተማ፣ የአንድን መንደር ሥዕል አያይዞ ቢጽፋት ሰሙ እርሻ ነው፤ ወርቁ ደም ነው። ፊደሏ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችም። የለወጣት ወሩና ስፍራው፣ የሰሚውም ልብ ነው። በባሕር ማዶ የተሠራ ቃል የሚለቅም መሣሪያ የመጀመሪያይቱንም ሁለተኛይቱንም አንድ አድርጎ ያልፋቸዋል፤ ወይም አንድ አድርጎ ያጠፋቸዋል።

በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም መጥቶ በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ ወዲያው አይፈርድም። ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁ የቱ ነው፣ ይህን ቃል ከየት አመጣኸው እያለ ይጠይቃል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ በሊቃውንት መካከል ክርክር ታስነሣለች፤ አንዱ ወርቁ ይህ ነው ሲል ሌላው አንድም ብሎ ሌላ ያመጣል። እንዲህ ተመርምሮ ተማሪው የተሳሳተ እንደ ሆነ ቅጣቱ ምንድር ነው? ሂድና እንደ ገና ቍጠር ይባላል። በአዋጁ ግን የተርጓሚው ስሕተት እስከ 5 ዓመት ያስከፍላል፤ ተርጓሚውም የሚመረጠው በዕለቱ መዝገቡ በደረሰው መርማሪ ፖሊስ ነው። ከዚህ የሚመጣው ጥፋት በሁለት ወገን ነው። በሰም ተሸፍኖ ደም የሚያፈስ ብልህ ጠላት፣ ስለ እርሻ ተናገርሁ፣ ብሎ ያመልጣል። የሞተ ዘመዱን ስም ጠርቶ ሙሾ የጻፈ የዋህ ሐዘንተኛ ደግሞ፣ በማን ላይ ልታስነሣ ነው፣ ተብሎ ይያዛል። አዋጁ ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜናና ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብ፣ ለሃይማኖት ትምህርትም ከለላ ማድረጉን አልክድም፤ ይህ የአዋጁ ደግ ወገን ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ሙሾ ይሁን ቅስቀሳ አስቀድሞ የሚለየው የሚይዘው ሰው ነው፤ ፍርድ ቤት ነጻ እስኪያወጣው ድረስ ሐዘንተኛው የሚቈይበት ቤት ማረፊያ ቤት ነው።

በሐሰተኛ መረጃም አንቀጽ ሐሰት መሆኑን የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረ ሰውም ይጠየቃል። ማወቅ የሚገባው ማን ነው? በጎጃም ገጠር ያለ ቄስ ከልጁ ስልክ የደረሰውን ድምፅ ለዘመዶቹ ቢያሻግር፣ ድምፁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ መሆኑን ማወቅ ይገባዋልን? ዛሬ የአንድን ሰው ድምፅ ጥቂት ሰምቶ ያንኑ ሰው ያላለውን የሚያስብል መሣሪያ በገበያ ይገኛል። የመሣሪያውን ሠሪና የድምፁን አሰራጭ መድረክ የማይጠይቅ ሕግ ቄሱን ሲጠይቅ ሚዛኑ የት አለ? ሙሴ በአንድ ሰው ላይ ለመፍረድ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዲቆም አዝዟል፤ እዚህ ግን የሐሰቱ ጉዞ ምስክር የሆነው መዝገብ፣ ማን አስቀድሞ እንደ ጻፈው፣ ስሌቱም ወዴት ወዴት እንዳደረሰው፣ ያለው በኩባንያው እጅ ብቻ ነው። አዋጁ ይህን መዝገብ ለዳኛ እንዲያቀርብ አላስገደደውም።

ሕጉ ባለቤቱን ለመያዝ ስላልተሠራ መንግሥት በቸገረው ጊዜ ያደረገው ሌላ ነው፤ ገበያውን በሙሉ ዘጋ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቈየ፤ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል እናት የልጅዋን ድምፅ ለመስማት አልቻለችም። ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ምክንያት ሕዝቡ በታወከ ጊዜም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። የሚሳደበው ሰው ቪፒኤን የሚሉትን መሻገሪያ በአንድ ቀን ተምሮ ተሻገረ፤ በዩቲዩብ ወንጌል ሲማሩ የነበሩት ሽማግሌዎች ግን አምስት ወር ዝም አሉ። ለሃይማኖት ትምህርት ከለላ የሰጠው አዋጅ በዚያን ጊዜ የት ነበር? በአዋጅ 1185 ውስጥ ገበያውን በሙሉ ዝጋ የሚል አንቀጽ የለም። ሕገ መንግሥቱም በ29ኛው አንቀጽ ሐሳብን የመግለጽ መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። አንድ በሬ ሰው ወጋ ተብሎ የአገሩ በሬ ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ ቢደረግ እርሻው ይፈታል፤ ወጊው በሬም በጨለማ በር ሰብሮ ይወጣል።

ስለ ጋዜጣና ስለ ራዲዮ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1238/2013 ከዚህ ይሻል ነበር። ስም ማጥፋት በመገናኛ ብዙኃን በኩል ሲፈጸም የወንጀል መሆኑን አስቀርቶ በፍትሐ ብሔር እንዲታይ አደረገ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ተሻገረ። በአዲስ አበባ ቢሮ ተከራይቶ፣ ስሙንና አድራሻውን አስመዝግቦ፣ ግብር እየከፈለ የሚሠራ ጋዜጣ በአንድ መሥሪያ ቤት ፊርማ ሊዘጋ ይችላል፤ ለሚበልጠው ሕዝብ የሚያወራው የባሕር ማዶ አደባባይ ግን አድራሻ እንኳ አልተጠየቀም። ቅርብ ያለውን ማሰር ይቀላልና።

እኛ ድኾች ነን፤ እነዚያ ኩባንያዎች ከአገራችን በጀት የሚበልጥ ገንዘብ አላቸው፤ ብናስገድዳቸው ጥለውን ይሄዳሉ የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይህ መልስ ሁለት ነገር ይዘነጋል። በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ያለው ወጣት ለእነዚህ ሰዎች የነገ ገበያ ነው፤ ነጋዴ ገበያውን በቀላሉ አይተውም። ኬንያም ባለጠጋ አገር ሳትሆን ዳኞቿ በሜታ ላይ ሥልጣን አለን አሉ፤ ሜታም አገሩን ጥሎ አልሄደም። ብቻችን የማንችል ከሆነ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ያለው በማን ከተማ ነው?

ስለዚህ እንደራሴዎቹ አዋጁን እንደ ገና በጠረጴዛቸው ላይ ያኑሩት። 5,000 የሚለውን ቍጥር ይፋቁት፤ ዳኛው የተናጋሪውን አሳብና የቃሉን ፍሬ ይመርምር እንጂ የተከታይ መዝገብ አይቍጠር። የቃል ትርጕም በሚያከራክርበት መዝገብ ሁሉ ሰው ከመታሰሩ በፊት ቋንቋውን የሚያውቁ፣ ከመንግሥት ደመወዝ የማይቀበሉ ሊቃውንት ለችሎቱ ያስረዱ፤ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም፣ በሶማልኛም እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉን። መዝጋት ካስፈለገ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ቀኑ ተቈጥሮ ይሁን። ለኩባንያውም በአገር ውስጥ የሚጠየቅ ወኪል እንዲያቆም፣ በየቋንቋችን የሚያነቡለት ሠራተኞች ስንት እንደ ሆኑ በየዓመቱ እንዲያስታውቅ፣ ስሌቱ ምን ወደ ላይ እንዳወጣ መዝገቡን ለዳኛ እንዲያሳይ፣ ተነግሮት ባያስር ከገቢው የሚቈጠር መቀጫ እንዲከፍል ይደንግጉ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ኩባንያዎቹ ግዴታቸውን መፈጸማቸውን የሚገልጽ ዘገባ ለሕዝብ እንዲያወጣ በአዋጁ ታዝዟል፤ ይህ ዘገባ በየዓመቱ በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ይነበብ፣ ስንት አቤቱታ እንደ ቀረበ፣ በስንት ሰዓት እንደ ተመለሰ ከነቍጥሩ ይነገር።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ትደረግ፤ ለዚህች ብዙ ገንዘብ አይወጣም። ስሙና ሥዕሉ በአደባባይ ወጥቶ ሊገድሉኝ ነው የሚል ሰው ለኩባንያው ሲያመለክት፣ ያመለከተበትን ቀንና ሰዓት የያዘ፣ ቍጥር ያለው፣ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ደረሰኝ ወዲያው ይሰጠው፤ ግልባጩም በዚያው ደቂቃ ለባለሥልጣኑ ይድረስ። ለበሬው ጌታ መነገሩን በዳኛ ፊት የሚያስረዳው ያ ወረቀት ነው።